ዘፈኑ ይቅደም፣ ሳህኑ ይከተል፦ አንድ ምሽት በሴቪያ

ጥያቄ፦ «ጤና ይስጥልኝ። የምንኖረው ስቶክሆልም ነው። በጥቅምት ወር ከባለቤቴና ከአዲስ አበባ ከምትመጣው እናቴ ጋር ስፔን፣ ሴቪያ ከተማ ሦስት ሌሊት እናድራለን። አንዱን ምሽት ለታፓስ፣ ማለትም በትንንሽ ሳህን ለሚቀርበው ምግብ፣ እና ለፍላሜንኮ ዘፈንና ዳንስ ልንሰጠው አስበናል። ኢንተርኔት ላይ ራትና ትርኢት አንድ ላይ ያለው ጥቅል አይተናል፤ ለአንድ ሰው 85 ዩሮ ነው። እሱን እንግዛ ወይስ ለየብቻ ይሻላል? ማናችንም የአሳማ ሥጋ አንበላም። እናቴ ደግሞ የጽጌን ጾም ትጾማለች። ዕድሜዋ 68 ነው፣ ስፓኒሽ አታውቅም። እንዳትሰለች ፈርቻለሁ።»

መልስ፦ እህቴ፣ ሴቪያ ውስጥ እንግዳ ማስጎብኘት እንጀራዬ ከሆነ ብዙ ዓመት ሆነኝ። ሐበሻ እንግዳ በመጣ ቁጥር ይህ ጥያቄ ይነሳል። የእናትሽ ጾም ሲጨመርበት ደግሞ ጭራሽ ወደድኩት። ስለዚህ ዘርዘር አድርጌ ልመልስልሽ።

ጥቅሉን አትግዢው። ዘፈኑን ለብቻ፣ ምግቡን ለብቻ አድርጊው። መጀመሪያ አንድ ትንሽ ክፍል ገብታችሁ፣ ፊታችሁ ሳህን ሳይኖር፣ ዘፈኑን ስሙ። ከዚያ ወጥታችሁ ታፓሱን ብሉ። እናትሽ ይሰለቻሉ የሚለውን ስጋት ደግሞ ተዪው። ከሦስታችሁ ቀድሞ የሚገባቸው እሳቸው ይመስሉኛል። ለምን እንደሆነ እመጣበታለሁ።

ጥቅሉን ለምን እንደማልወደው ልንገርሽ። ሥራውን በጀመርኩ ሰሞን ከዋሽንግተን የመጡ የሀገሬን ሰዎች ራት ወዳለበት አንድ ትልቅ አዳራሽ ወሰድኳቸው። ረጃጅም ጠረጴዛ፣ ብዙ ሰው፣ የሳህን ኳኳታ። ዘፋኙ ሴጊሪያ ጀመረ። ሴጊሪያ ከፍላሜንኮ ዜማዎች ሁሉ ከባዱ ነው፤ የሞትና የመለየት ዜማ ነው። ሰውዬው ዓይኑን ጨፍኖ ድምፁን ከሆዱ ሲያወጣ፣ አስተናጋጁ ጆሮዬ ሥር ጎንበስ ብሎ «አይስክሬም ወይስ ፍራፍሬ?» አለኝ። ከእንግዶቼ አንዱ፣ ትልቅ ሰው ናቸው፣ ሹካቸውን አስቀመጡና «ልጄ፣ ይሄ ሰው እያለቀሰ እኛ እንዴት ነው የምንበላው?» አሉኝ። የምመልሰው ጠፋኝ። ከዚያ ወዲህ እንግዳ ይዤ እንደዚያ ያለ ቤት ገብቼ አላውቅም።

እርግጥ መጠጥና ፍላሜንኮ የቆየ ዝምድና አላቸው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሴቪያ ውስጥ «ካፌ ካንታንቴ» የሚባሉ ቤቶች ነበሩ። ታላቁ ዘፋኝ ሲልቬሪዮ ፍራንኮኔቲ ራሱ በ1881 የገዛ ካፌውን እዚሁ ከተማ ከፍቷል። ሰው ወይኑን እየጠጣ ያዳምጥ ነበር። የዛሬው «ታብላኦ» የእነዚያ ቤቶች ልጅ ነው። ስሙ የመጣው ዳንሰኛው ከሚረግጠው የጣውላ መድረክ ነው። ስለዚህ አንድ ብርጭቆ ይዞ መስማት ነውር የለውም። የሚያበላሸው ሦስት ዙር ራት ነው። ማድሪድ ውስጥ በ1956 የተከፈተው ኮራል ዴ ላ ሞሬሪያ ሁለቱንም በክብር ይዞ የኖረ ቤት ነው፤ የሚሽላን ኮከብ፣ ማለትም የምርጥ ምግብ ቤቶች ማዕረግ፣ ያለው ምግብ ቤትም አለው። ግን የእሱ ዋጋም ሌላ፣ ከተማውም ሌላ ነው። ሴቪያ ላይ ለአንድ ምሽት ይህን አልመክርሽም።

አሁን ወደ እናትሽ እንምጣ። ፍላሜንኮ ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው ቀይ ቀሚስ ለብሳ የምትሽከረከር ሴት ናት። ሥሩ ግን ዘፈኑ ነው። «ካንቴ» ይሉታል። ዘፋኙ ግጥሙን ከመጀመሩ በፊት ብዙ ጊዜ በአንድ ቃል ድምፁን ያሟሻል። ቃሉ «አይ» ነው። «አይ...» ብሎ ያስረዝመዋል፣ ይሰብረዋል፣ ያነሳዋል፣ መልሶ ይጥለዋል። በስፓኒሽም የምሬትና የሐዘን ቃል ነው፤ አስተርጓሚ አይፈልግም። ሙሾ ሲወርድ የሰማ፣ እንጉርጉሮ እየሰማ ያደገ ሰው እዚያ ላይ ልቡ ይነካል። ግጥሙም ቢሆን አጭር ነው፤ ብዙ ጊዜ ሦስት ወይም አራት ስንኝ ነው። ስለ እናት፣ ስለ እስር ቤት፣ ስለ ድህነት፣ ስለ ከዳ ፍቅር። አልቃሽ ሁለት ስንኝ ጣል አድርጋ ድንኳኑን ሁሉ እንደምታስለቅሰው ማለት ነው። ወጣት እንግዶቼ የዳንሰኛውን እግር ሲያዩ፣ እናቶች ግን ዘፋኙን ነው የሚያዩት። ይህን ደጋግሜ ታዝቤያለሁ።

አንድ ነገር ግን ቀድመሽ ጠይቂያቸው። በጾም ወራት ዘፈን ቤት መግባት ሊከብዳቸው ይችላል። እንደ ጭፈራ ቤት እንዳልሆነ ንገሪያቸው። ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ በጸጥታ፣ አንድ ሰዓት ያህል ማዳመጥ ነው። መጠጣትም ግዴታ አይደለም። አልፈልግም ካሉ ግን አትጫኛቸው፤ አንቺና ባለቤትሽ ሂዱና ለታፓሱ ተገናኙ።

ይህ ዘፈን ከማን እንደመጣ ቢያውቁም ጥሩ ነው። ኺታኖዎች፣ ማለትም የስፔን ሮማ ሕዝቦች፣ ወደዚህ አገር የገቡት በ15ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ሴቪያ ባለችበት በአንዳሉሲያ ክልል የአረቡም፣ የአይሁዱም፣ የድሃው ገበሬም ዜማ ነበር። ፍላሜንኮ ከዚህ ሁሉ ተቀላቅሎ ነው የወጣው፤ በዋናነት ግን በኺታኖ ቤተሰቦች እጅ አደገ። እነሱ ደግሞ ብዙ መከራ አይተዋል። በ1749፣ በንጉሥ ፈርናንዶ 6ኛ ዘመን፣ በመላው ስፔን ኺታኖዎች ታፍሰው እንዲታሰሩ ታዘዘ። ወደ 9,000 የሚሆኑ ሰዎች ተያዙ። ወንዱን ለጉልበት ሥራ፣ ሴቱንና ሕፃኑን ለብቻ አሰሯቸው።

ከሴቪያ መሀል ከተማ የጓዳልኪቪርን ወንዝ ስትሻገሪ ትሪያና የሚባል ሰፈር አለ። የኺታኖ ብረት ቀጥቃጮች ሰፈር ነበር። «ማርቲኔቴ» የሚባለው ዜማ ከእነሱ ሥራ ጋር የተያያዘ ነው። እስከ ዛሬ ያለ ጊታር ነው የሚዘፈነው፤ አንዳንዴ ብረት በብረት ሲመታ ብቻ ይሰማል። በ1950ዎቹና በ60ዎቹ አብዛኞቹ ቤተሰቦች ከትሪያና ተነስተው ወደ ከተማው ዳር ተወሰዱ። እኛም ቀጥቃጩን «ጠይብ» ብለን ያራቅን፣ አዝማሪውን እየናቅን በዘፈኑ የጨፈርን ሕዝብ ነን። እኔ ይህን ታሪክ ለሐበሻ እንግዳ ስነግር ሁሌም ትንሽ ዝምታ ይሆናል። በ2010 ዩኔስኮ ፍላሜንኮን የማይዳሰስ የዓለም ቅርስ ብሎ መዝግቦታል። ደግ አደረገ። ግን ዘፈኑ ውስጥ ያለው ምሬት ከየት እንደመጣ ያላወቀ ሰው ግማሹን ነው የሚሰማው።

አሁን አንድ አደራ። አታጨብጭቡ።

ይህን ጠበቅ አድርጌ የምነግርሽ የእኛ ሰው ጭብጨባ ስለሚወድ ነው። ዘፈን ሲሞቅ እጃችን ዝም አይልም። ፍላሜንኮ ውስጥ ግን ጭብጨባው ራሱ የሙዚቃ መሣሪያ ነው። «ፓልማስ» ይባላል። መድረኩ ላይ የሚያጨበጭቡት ሰዎች ዓመታት የተማሩ ናቸው። ዘፋኙ ሲዘፍን መዳፋቸውን ጎድጎድ አድርገው በለሆሳስ ይመታሉ። የዳንሰኛው የእግር ምት ሲጀምር ደግሞ በጣታቸው መዳፋቸውን ጥርት አድርገው ያጮሁታል። ሁለት ሆነው ሲያጨበጭቡ አንዱ በአንዱ ምት መሀል እየገቡ ነው የሚመቱት። ከታች አንድ እንግዳ በዘፈቀደ ሲያጨበጭብ ዳንሰኛዋ ምቷን ትስታለች፣ ወይም ላለመሳት ትታገላለች።

ምቱ ምን እንደሆነ እቤታችሁ ሞክሩት። «ሶሌያ» የሚባለው ዜማ በ12 ይቆጠራል። ከአንድ እስከ አሥራ ሁለት ቁጠሪ፤ 3፣ 6፣ 8፣ 10 እና 12 ላይ በመዳፍሽ ጉልበትሽ ላይ ጠበቅ አድርገሽ ምቺ። መጀመሪያ ሁለት ጊዜ በሦስት በሦስት፣ ከዚያ ሦስት ጊዜ በሁለት በሁለት ይሄዳል። ለዚህ ነው ለጆሮ የሚያነክስ የሚመስለው። ከባለቤትሽ ጋር አሥር ደቂቃ ብትለማመዱት በዕለቱ ሌላ ነገር ነው የምትሰሙት። ካዲስ ከተማ የመጣው «አሌግሪያስ» በዚሁ በ12 ነው የሚሄደው፣ ግን የደስታ ነው። ሄሬዝ ከተማ የምትኮራበት «ቡሌሪያስ»ም የ12 ነው፤ እሱ ደግሞ ይሮጣል።

መጮህ ግን ይቻላል። ጥሩ ስንኝ ሲዘጋ፣ ወይም ዳንሰኛው እግሩን ሲያሳርፍ፣ «ኦሌ!» ይባላል። ፉከራ የሚያውቅ ሰው «ይበል!» የት ላይ እንደሚገባ እንደሚያውቀው ነው። መሀል ላይ ከገባ ያስቀይማል፣ ቦታው ላይ ከገባ ዘፋኙን ያበረታል። ካልለመዳችሁት የአካባቢው ሰዎች ሲሉ ጠብቃችሁ ተከተሉ። እናትሽ መጨረሻው ላይ እልል ቢሉ ደግሞ አርቲስቶቹ ደስ ይላቸዋል። አንዲት እናት ይህን ሲያደርጉ ዘፋኟ ከመድረክ ወርዳ ስትስማቸው አይቻለሁ።

ዳንሱን ስታዩ እግሩን ብቻ አትዩ። ዘፋኙና ጊታር ተጫዋቹ ዓይናቸው የት እንዳለ እዩ። ዳንሰኛዋን ነው የሚያዩት። እሷ በእግሯ ምልክት ትሰጣለች፤ «ልጨርስ ነው» ወይም «አሁን ዝፈን» ማለቷ ነው። እነሱ ያንን ሰምተው ይገባሉ። ብዙው ነገር እዚያው የሚወሰን ነው፤ በሙሉ የተጠና ድራማ አይደለም። አሌግሪያስ ውስጥ ደግሞ «ሲሌንሲዮ» የሚባል ቦታ አለ። ዘፈኑ ቆሞ ጊታሩ ብቻ በቀስታ ይቀጥላል፣ እሷም ክንዷን ብቻ ታንቀሳቅሳለች። ትርኢቱ ሲያልቅ ሁሉም ተሰልፈው በቡሌሪያስ ይሰናበታሉ። አንዳንዴ ዘፋኙም፣ ጊታሪስቱም ሁለት እርምጃ ይደንሳሉ። እኔ ከሁሉም የምወደው ይህችን ነው፤ ጓደኛሞች እርስ በርስ ሲጫወቱ ይመስላል።

ቤት ስትመርጪ ጥቂት ነገር አጣሪ። ስንት ወንበር አለው? መቶ ካለፈ እኔ እተወዋለሁ። ማይክ ይጠቀማሉ? ትንሽ ክፍል ውስጥ ማይክ አያስፈልግም። የዕለቱን አርቲስቶች ስም ያሳውቃሉ? ዘፋኙን በስም የማይጠራ ቤት ለዘፈኑ ያለውን ክብር ከዚያ ታውቂዋለሽ። ካሳ ዴ ላ ሜሞሪያ የሚባለው ኩና ጎዳና ላይ ያለው ቤት ያለ ማይክ የሚቀርብበት ስለሆነ ለጀማሪ እልከዋለሁ። የሴቪያዋ ተወላጅ ዳንሰኛ ክሪስቲና ኦዮስ የመሠረተችው፣ በ2006 የተከፈተው የፍላሜንኮ ዳንስ ሙዚየምም ትርኢት አለው፤ ቀድማችሁ ሙዚየሙን ልትጎበኙ ትችላላችሁ። በሳንታ ክሩዝ አደባባይ ያለው ሎስ ጋዮስ በ1966 የተከፈተ ታብላኦ ነው። ከሦስቱ የትኛውንም ብትመርጪ አትቆጪም። ቲኬቱን ከቀናት በፊት ግዢ። ብዙ ቦታ ወንበር በቁጥር አይያዝም፣ ስለዚህ ከግማሽ ሰዓት በፊት ድረሱ። እግር የሚታይበት ቦታ ያዙ። ስልክ ደግሞ አስቀምጡ፤ ፎቶ የሚፈቀደው ብዙ ጊዜ መጨረሻው ላይ ብቻ ነው።

ስለ ሰዓት። በጊዜ የሚጀምረውን ትርኢት ያዢ፤ 19:00 ወይም 19:30 አካባቢ ያለውን። ለእናትሽ «ከምሽቱ አንድ ሰዓት» ብለሽ ንገሪያቸው እንጂ ቲኬቱን አታሳያቸው፤ 19 የሚለው ያደናግራል። ሰዓቱ ከመቀየሩ በፊት ከሄዳችሁ አዲስ አበባ ከሴቪያ በአንድ ሰዓት ትቀድማለች። የጥቅምት ወር የመጨረሻ እሑድ በፈረንጆቹ ካለፈ ደግሞ በሁለት ሰዓት። ስለዚህ 22:30 የሚጀምር ትርኢት ለእሳቸው እኩለ ሌሊት አካባቢ ነው። ሌላም ምክንያት አለ። የሴቪያ ቡና ቤቶች ወጥ ቤታቸውን ከሰዓት በኋላ ዘግተው 20:00 ወይም 20:30 ላይ ነው የሚከፍቱት። የአገሩ ሰው ራት የሚበላው 21:00 ካለፈ በኋላ ነው። በጊዜ የሚጀምረውን ትርኢት አይታችሁ ስትወጡ ወጥ ቤቱ ገና ተከፍቷል፣ ሰውም አልሞላም። ጠረጴዛ ታገኛላችሁ። ይህ ለ68 ዓመት ሰው ትልቅ ነገር ነው፤ ታፓስ ቤት ውስጥ አብዛኛው ሰው ባንኮኒው ጋ ቆሞ ነውና የሚበላው።

እስከዚያ እንዳይርባቸው ከትርኢቱ በፊት ቹሮስ አብይያቸው። ሴቪያ ውስጥ «ካሌንቲቶስ» ይሉታል። ዱቄት፣ ውሃና ጨው ተቦክቶ በዘይት የሚጠበስ ነው። ወተትም እንቁላልም የለውም፤ የለየለት የጾም ምግብ ነው። ትኩስ ቸኮሌቱን ግን ይለፉት፣ ወተት አይታጣበትም። «ካፌ ሶሎ» ካልሽ ጥቁር ቡና ይመጣላቸዋል።

አሁን ወደ ታፓሱ። «ታፓ» ማለት ክዳን ማለት ነው። ብርጭቆ ላይ ዝንብና አቧራ እንዳይገባ ቁራሽ ነገር ይደረግበት ነበር ይባላል። ሴቪያ ውስጥ ዛሬ የመጠን ስም ሆኗል። ታፓ ትንሿ ናት፣ «ሜዲያ» መካከለኛ፣ «ራሲዮን» ደግሞ ሙሉ ሳህን። እዚህ ይከፈላል። ግራናዳ ብትሄዱ ግን ከመጠጡ ጋር በነፃ ይመጣል። በነፃ የሚመጣውን ደግሞ የሚመርጠው ወጥ ቤቱ ነው፤ ስለዚህ እዚያ ገና መጠጡን ስታዙ አሳማ እንደማትበሉ ተናገሩ። አበላሉን ለእናንተ ማስተማር አያስፈልገኝም። ሳህኑ መሀል ይቀመጣል፣ ሁሉም ከዚያ ያነሳል። ማዕድ ለለመደ ሰው ይህ ቤቱ ነው። ሁለት ሦስት ሳህን ብቻ እዘዙ፣ ብሉ፣ ክፈሉ፣ ወደሚቀጥለው ቤት ሂዱ። ለእናትሽ ሁለት ቤት ይበቃል።

አሳማ ላይ ግን ተጠንቀቁ። «ሲን ካርኔ»፣ ማለትም ሥጋ የሌለው፣ ካላችሁ አይበቃም። ለብዙ አስተናጋጅ «ካርኔ» ማለት ቁራጭ ሥጋ ነው፤ በስሱ የተከተፈው ኻሞን፣ ማለትም በጨው የደረቀው የአሳማ ጭን፣ ከሥጋ አይቆጠርለትም። «ኖ ኮሜሞስ ሴርዶ፣ ኒ ኻሞን» በሉ። አሳማም፣ ኻሞንም አንበላም ማለት ነው። ስሞቹም ያታልላሉ። «ሶሎሚዮ» ሴቪያ ውስጥ ብዙ ጊዜ የአሳማ ነው። «ካሪያዳ»፣ «ሴክሬቶ»፣ «ፕሬሳ»፣ «ፕሉማ» ሲባሉም አሳማ ናቸው ብለሽ ያዢ። «ፕሪንጋ» የአሳማ ሥጋና ጮማ ያለበት፣ ብዙ ጊዜ በዳቦ የሚበላ የደቀቀ ሥጋ ነው። «ክሮኬታ» ሲጠበስ ያምራል፣ ውስጡ ግን አብዛኛውን ጊዜ ኻሞን ነው። ቀዝቃዛው የቲማቲም «ሳልሞሬኾ» ላዩ ላይ ኻሞንና እንቁላል ተነስንሶ ይመጣል።

አስተናጋጁ እስላም መስላችሁት ሊጠይቃችሁ ይችላል። ክርስቲያን ሆኖ አሳማ የማይበላ ሰው እዚህ ብዙም አይታወቅም። ይህ ደግሞ የራሱ ታሪክ አለው። በኢንኩዊዚሲዮን፣ ማለትም መናፍቅ የተባለ ሰው በሚታደንበት የቤተ ክርስቲያን ፍርድ ቤት፣ ዘመን አሳማ አለመብላት በድብቅ የአይሁድ ወይም የእስልምና ሃይማኖት ለመያዝ ማስረጃ ሆኖ ይቀርብ ነበር። የሴቪያው ፍርድ ቤት መቀመጫ የነበረው የሳን ኾርኼ ምሽግ ፍርስራሽ ዛሬ ከትሪያና ገበያ ሥር አለ፤ ክፍት ከሆነ ቀን ወርዳችሁ ማየት ትችላላችሁ። እኔ በእርጋታ «ሶሞስ ኦርቶዶክሶስ ዴ ኤቲዮፒያ» እላለሁ። ብዙ ጊዜ ከዚያ ጥሩ ጨዋታ ይጀመራል።

የእናትሽ ምግብ ደግሞ ሳይለፉ የሚገኝ ነው። «ኤስፒናካስ ኮን ጋርባንሶስ» በዪ። ስፒናች ከሽምብራ ጋር ነው። ነጭ ሽንኩርት፣ ከሙን፣ ትንሽ አቼቶና በወይራ ዘይት የተጠበሰ ዳቦ ተወቅጦ ይገባበታል። የሴቪያ ሰዎች ራሳቸው በዐቢይ ጾማቸው የሚወዱት ምግብ ነው። ከ1670 ጀምሮ አለ የሚባለው የከተማው አንጋፋ ቤት፣ ኤል ሪንኮንሲዮ፣ በዚህ ይታወቃል። ሂሳቡን ከባንኮኒው እንጨት ላይ በጠመኔ ነው የሚጽፉት። እናትሽን እዚያ ውሰጃቸው። ሽምብራውን ሲቀምሱ «ይሄማ የኛ ነው» ማለታቸው አይቀርም።

ሳልሞሬኾውንም «ሲን ኻሞን፣ ሲን ኡዌቦ» ብለሽ ብታዥላቸው ጾም ይሆናል። ቲማቲም፣ ዳቦ፣ ነጭ ሽንኩርትና የወይራ ዘይት ብቻ ነው። «ፓፓስ አሊኛስ» ድንች በሽንኩርት፣ በዘይትና በአቼቶ ነው፤ ቱናና እንቁላል እንዳይጨምሩበት ንገሪ። የተጠበሰ ቃሪያ፣ የወይራ ፍሬ፣ ዳቦ በቲማቲም አለ። ደበርጃን በማር ይጣፍጣል፣ ግን ከመጠበሱ በፊት ወተት ውስጥ የሚዘፈዝፉት ቤቶች ስላሉ ጠይቂ። የድንች ቶርቲያ እንቁላል ነው፤ ለእናንተ ይሁን።

ለአንቺና ለባለቤትሽ «ፓቪያ ዴ ባካላዎ» የሚባለውን የተጠበሰ ዓሣ፣ በአቼቶ የተዘፈዘፈውን ትንንሽ ዓሣ «ቦኬሮኔስ»፣ ካገኛችሁም «ኮላ ዴ ቶሮ»ን እዘዙ። የበሬ ጭራ ነው፤ ለረዥም ሰዓት ስለሚበስል አጥንቱን ይለቃል። «ካሶን» ጥሩ ነው፣ ግን የሻርክ ዘር ነው። እንደ ኦሪቱ ክንፍና ቅርፊት ያለውን ብቻ የምትበሉ ከሆነ እለፉት። በጾም ዓሣ ይበሉ አይበሉ የሚለውን ለእናትሽ እተወዋለሁ።

መጠጥ ላይ አንድ ቃል። «ማንሳኒያ» ካላችሁ ቀዝቃዛ ደረቅ ወይን ነው የሚመጣው። ካሞሚል ሻይ ለመጠጣት «ኢንፉሲዮን ዴ ማንሳኒያ» ማለት ያስፈልጋል። የአገሩ ሰው ሳንግሪያ ሳይሆን «ቲንቶ ዴ ቬራኖ» ነው የሚያዘው፤ ቀይ ወይን በለስላሳ ማለት ነው።

ሂሳቡን እናስላ። የትርኢት ቲኬት ራት ሳይኖረው ብዙ ጊዜ ከ20 እስከ 30 ዩሮ ነው። በ25 ብንይዘው ለሦስት ሰው 75። ታፓ አንዷ ከ3 እስከ 5 ዩሮ ገደማ ናት። ዘጠኝ ሳህን ብትበሉ ወደ 40፣ መጠጡ ወደ 15። ድምሩ 130 አካባቢ ይሆናል። ጥቅሉ ለሦስታችሁ 255 ነበር። ጉርሻ ግዴታ አይደለም፤ ሳንቲም ትታችሁ ብትወጡ ይበቃል።

ቀኑን ስትመርጪ እሑድ ማታንና ሰኞን ተዪ፤ ብዙ ቤቶች ያኔ ይዘጋሉ። ሐሙስ ጥሩ ነው። የሳንታ ክሩዝ መንገድ ድንጋይ ንጣፍ ስለሆነ እናትሽ ጠፍጣፋ ጫማ ያድርጉ። ከአሳማው ውጭ ሌላ የማይስማማቸው ነገር ካለ ጻፊልኝና ለአስተናጋጁ የምታሳዪውን ወረቀት በስፓኒሽ ጽፌ እልክልሻለሁ።